ድሬዳዋ ላይ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ሕመምን በብሎክ እንዴት እንደያዝነው

ድሬዳዋ ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። እኛ ዘንድ ለአከርካሪ ቀዶ ጥገና የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ነው። ባጃጅ ተገልብጦበት፣ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ። ዲስክ ተንሸራቶባቸው ለዓመታት የተሰቃዩም አሉ። ቀዶ ጥገናው ጡንቻውን ከአጥንቱ ላይ እያላቀቁ የሚሠራ ስለሆነ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት።

ቀድሞ የነበረን መንገድ ሕመምተኛው ሲጮህ ትራማዶል ወይም ፔቲዲን መውጋት ነበር። ማስታገሱን ያስታግሳል። ግን ያስመልሳል፣ ያፈዛል፣ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ ሙሉ ዋርድ በምትጠብቅበት ቦታ ይህ ያስፈራኛል። የፈዘዘ ሰው "እግርህን አንቀሳቅስ" ሲባልም በደንብ አይታዘዝም። ከአከርካሪ ቀዶ ጥገና በኋላ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማወቅ የምንፈልገው ነገር የለም።

ስለዚህ ኢሬክተር ስፓይኔ ብሎክ የሚባለውን ጀመርን። ብሎክ ማለት ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችን ባሉበት ቦታ በመርፌ ማደንዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው፤ ያኔ የታሰበው ለደረት ሕመም ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአከርካሪው በግራና በቀኝ ወጣ ወጣ ያሉ አጥንቶች አሉ። ጀርባችንን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ እነሱ ላይ ተኝቷል። ማደንዘዣው በጡንቻውና በአጥንቱ መካከል ሲገባ ወደ ላይና ወደ ታች ይሰራጫል፣ ወደ ጀርባ የሚሄዱትን የነርቭ ቅርንጫፎችም ያደነዝዛል።

ከመርፌው ይልቅ የከበደኝ ቀዶ ሐኪሙን ማሳመን ነው። "እግሩ ባይንቀሳቀስ የኔ ሥራ ይሁን ያንተ መድኃኒት በምን አውቃለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩለት። እያንዳንዱ ነርቭ ከአከርካሪው ሲወጣ ለሁለት ይከፈላል፤ የፊተኛው ወደ እግርና ወደ ሆድ ይሄዳል፣ የኋለኛው ወደ ጀርባ ጡንቻና ቆዳ። እኛ የምንፈልገው የኋለኛውን ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ወደ ፊት ሊያመልጥ እንደሚችል አልደበቅኩትም። በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። ታካሚው እንደነቃ፣ ከኦፕሬሽን ክፍል ሳይወጣ፣ ሁለቱንም እግሮች አብረን እንፈትሻለን። ድካም ከታየ "ብሎኩ ነው" ብሎ መጠበቅ የለም፤ ደም ተጠራቅሞ ነርቭ እየተጫነ እንደሆነ ተቆጥሮ ወዲያው ይመረመራል። ይህ ስምምነት ባይኖር ኖሮ ብሎኩን ባልሠራሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ በሆዱ ከተኛ በኋላ፣ ቢላ ከመንካቱ በፊት እንሠራለን። ጀርባውን በደንብ እናጸዳለን፣ አልትራሳውንዱን ከመሀል መስመር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን እናስቀምጣለን። ወገብ ላይ ጥልቀት ስላለ የሆድ መመርመሪያው ክብ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የአልትራሳውንዱ ክፍል) ይሻላል። ለዚህ የተሠራ ልዩ መርፌ ከሌለ ረጅም የስፓይናል መርፌ ያገለግላል፤ ጫፉን ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መርፌው አጥንቱን ሲነካ መጀመሪያ ትንሽ ሳላይን (የጨው ውሃ) እንሰጣለን። ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ እንደ መጋረጃ ብድግ ካለ ቦታው ትክክል ነው። ፈሳሹ ጡንቻው ውስጥ ካበጠ ግን አይደለም፤ መርፌውን ማስተካከል ነው። ከዚያ ማደንዘዣውን፣ ደም እንዳልመጣ እያየን፣ ቀስ በቀስ፣ በየጎኑ 20 ሚሊ ሊትር እንሰጣለን።

መጠኑ ላይ ቀልድ የለም። ለብሎኩ የምንወጋውን ማደንዘዣ፣ ቡፒቫኬይንን፣ እኔ በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም አላሳልፍም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 120 ሚሊ ግራም ነው፤ በ0.25 በመቶ 40 ሚሊ ሊትር ብንሰጠው 100 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ ደህና ነው። ግን ወደ እኛ የሚመጡት ብዙዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ለ45 ኪሎ ሰው ያው 40 ሚሊ ሊትር ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ወደ 0.2 በመቶ እናቀጥነዋለን፤ 80 ሚሊ ግራም ይሆናል። ታካሚውን በግምት ሳይሆን በሚዛን መመዘን ያለብን ለዚህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ ሊዶኬይን የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ የሚወጋ ከሆነም ከሒሳቡ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቢበዛ ነቅቶ ያለ ሰው ጆሮው ይጮኻል፣ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ይነግረናል። የተኛ ሰው አይናገርም፤ የምናየው ልቡ ሲረበሽ ነው። ለዚህ የሚሰጠው 20 በመቶ የሆነው የስብ ፈሳሽ ነው፣ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር። እሱ ክፍሉ ውስጥ በሌለበት ቀን ብሎክ አልሠራም።

አሁን ስለ ሌሊቱ ልናገር፤ ዋናው ትምህርቴ እዚያ ነው። አንድ ጊዜ የተወጋ ብሎክ ግማሽ ቀን ከያዘ ጥሩ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተሠራው ማታ ላይ ይለቃል፣ ያውም ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ። ሕመሙ ድንገት ሲመጣ ከሁሉ ይከፋል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ሳያማቸውም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። ኩላሊትና ጨጓራ ከፈቀዱ፣ ቀዶ ሐኪሙም ከተስማማ ዳይክሎፌናክ ይጨመራል። ትራማዶሉ ወይም ሞርፊኑ ለሚተርፈው ሕመም ተጠባባቂ ነው። ብሎኩ ስንት ሰዓት ላይ ሊለቅ እንደሚችል ካርዱ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ለተረኛዋ ሲስተርም በቃል እነግራታለሁ።

ታካሚውንም ከቀዶ ጥገናው በፊት አናግረዋለሁ፤ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ከሆነ የሚችል ባልደረባ ይዤ። "ከአሥር ስንት ያምዎታል?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። "አባባ፣ ወደ ጎን መገላበጥ ይችላሉ? ሲያስሉስ?" ብል ይሻላል። ጫትንም ያለ ነቀፌታ እጠይቃለሁ። በየቀኑ የሚቅም ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ሐራራው ይመጣበታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል። ያንን ሕመም መስሎን መድኃኒት እየደራረብን ልናፈዘው አይገባም።

ብሎኩ የማይነካውንም አስቀድሜ እናገራለሁ። ከወገብ እስከ እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው የቆየ የነርቭ ሕመም የእሱ ሥራ አይደለም። የቁስሉን ሕመም ነው የሚይዘው። ይህን ያልሰማ ታካሚ እግሩን ሲነዝረው ቀዶ ጥገናው የከሸፈ ይመስለዋል።

ለሁሉም አልሠራም። የሚወጋው ቦታ ላይ ኢንፌክሽን ወይም መግል ካለ፣ አንዳንድ የአከርካሪ ቲቢ ታካሚዎች ላይ እንደሚታየው፣ እተወዋለሁ። አንዲት ዲስክ በትንሽ ቁስል ለምትወጣበት ቀዶ ጥገናም ሐኪሙ ራሱ ሲዘጋ ጡንቻው ውስጥ የሚወጋው ማደንዘዣ ይበቃል ባይ ነኝ። ብዙ አከርካሪ ተከፍቶ ብሎን ለሚገባለት ሰው ግን፣ መድኃኒቱ፣ አልትራሳውንዱና የሚፈትሽ ሐኪም እስካሉ ድረስ፣ ብሎኩን አልነፍገውም።