ጉማራ ላይ የተቀጣጠሩ ዓሦች

ባሕር ዳር የገባሁት በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሐይቁ ዳር ያሉትን ብዙም ያስጨነቃቸው አይመስልም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ቦታ በሰው ተጨናንቋል፤ ድመቱም አልቀረ።

ቆሮሶንና አምባዛን ማንም ይለያል። እኔን ከአዲስ አበባ ያመጣኝ ሦስተኛው፣ ነጭ ዓሣ የሚሉት ነው። ጣውላ ላይ ጎንበስ ብላ ዓሣ የምትበልት ሴት ፊት ክምሩ አለ። አንዱን አነሳሁ፤ ከንፈሩ ንብ የነደፈው ይመስል ወፍሮ ተገልብጧል። ሌላውን አነሳሁ፤ ከራሱ ኋላ ጉብታ አለው፣ አፉ ደግሞ ሰፊ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው እናቴ?»

«ነጭ ዓሣ ነዋ።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱም።» ቢላዋዋን አላቋረጠችም። «ሲጠበስ አንድ ነው።»

አጠገቧ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ሳቁ። «ና ልጄ፣ ላሳይህ» አሉና የሰፊ አፉን ዓሣ መንጋጋ ከፍተው ጣቴን አስገቡት። ለስላሳ ነው፣ አንድ ጥርስ የለም። ቀጥለው ከጉሮሮው ከስንጥቡ ኋላ ያለውን አጥንት ፈልቅቀው መዳፌ ላይ ጣሉት። ጥርሱ ያለው እዚያ ነው፤ የተደረደረ፣ ጫፉ የተቆለመመ። የእነዚህ ዓሦች ቤተሰብ በሙሉ እንዲህ ነው፦ መንጋጋው ባዶ፣ ጥርሱ ጉሮሮ ውስጥ። በእንዲህ ያለ አፍ ሌላ ዓሣ አሳድዶ መብላት የማይመች ሥራ ነው። ጣና ውስጥ ግን ከ15ቱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ የሚኖሩት ዓሣ በልተው ነው።

አዎ፣ 15 ናቸው። ከኔዘርላንድ የመጡ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አፍ፣ ዓይንና አጥንት እየለኩ ለያይተዋቸዋል። የጋራ የሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ ነው። ከንፈረ ወፍራሙ ኔድጊያ ነው፤ ሱርኪስ የሚባለው ደግሞ የውሃ ዕፅዋት ይበላል። ጎርጎሬንሲስ የተባለው ከጎርጎራ ስሙን ወስዷል። ሁሉም የዘር ውርሳቸው በጣም የተቀራረበ ነው፤ ቅድመ አያታቸውም የወንዝ ዓሣ እንደነበረ ይታመናል።

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ነው። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል ደግሞ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ጨርሶ ደርቆ እንደነበር ይናገራል። ዛሬ ያለው ሐይቅ እንደገና የሞላው ከዚያ ወዲህ ነው። በዝግመተ ለውጥ ሒሳብ ይህ ትናንት ማለት ነው።

በማግስቱ ጢስ ዓባይ ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አንድ ጫማዬን ትቼው ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ፏፏቴው በክረምት ግርማው ይመለሳል። 40 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ የጣናዎቹ ከታችኛው ዓባይ ዘመዶቻቸው ተለይተው ቀርተዋል። ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት የተማርኩት አዲስ ዝርያ አፈጣጠር ይኸው ነበር፦ ተራራ ወይ ገደል ይለያችኋል፣ ዘመን ያራርቃችኋል። ግን ገደሉ የሚያስረዳው የጣና ዓሦች ከሌሎቹ ለምን እንደተለዩ ነው። እርስ በርሳቸውስ? አንድ ሐይቅ ውስጥ፣ በመካከላቸው ገደል በሌለበት፣ ለምን አልተደባለቁም?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፌ ወደ ጣና የሚፈሰው የጉማራ ወንዝ ድልድይ ላይ ከሚኒባስ ወረድኩ። የፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳው ውሃ ይዞ መስታወት መስሏል። ጉማራ ግን እንደ ቡና ከነአተላው ነው የሚፈሰው። ይህ ድፍርስ ውሃ ለእንቁላል አይሆንም። ወንዝ የሚወጡት ሰባት ስምንት ዝርያዎች በክረምት በወንዙ አፍ ይሰበሰቡና ሜዳውን አቋርጠው ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ የጠራና ፈጥኖ የሚፈስ ውሃ ነው፤ እዚያ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ጫጩቶቹም በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ታዲያ ሁሉም አብረው አይወጡም። አንዱ ዝርያ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ሳምንታት ቆይቶ ይከተላል፤ የሚመርጡት ገባርም ይለያያል። የተቀሩት ደግሞ ወንዝ ውስጥ አይታዩም፣ ዘራቸውን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሳይተኩ አይቀሩም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ውሃ ይዋኛሉ፤ ለጋብቻ ግን ቀናቸውና ሰፈራቸው የተለያየ ነው። ባዮሎጂ የመራቢያ መነጠል የሚለው ይህንኑ ነው። ባልና ሚስት የማይሆኑ ጎረቤታሞች ናቸው።

ድልድዩ ሥር የቆሙ አንድ አባት የጠየቅኳቸውን ሲሰሙ ግራ ተጋቡ። «ጊዜ አላቸው እንጂ! ዝናቡ ሲከብድ ይመጣሉ፣ እኛም ያን ጊዜ መረብ እንጥላለን።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝርያዎቹን ያቆመው ቀጠሮ ዓሣ አስጋሪውም ያውቀዋል። በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ ተጠራርቶ የመጣውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይይዛል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ የነጭ ዓሦቹ ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ የለኩ አሉ። ግን ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ቤት የሚያቆየው ይኸው ወንዝ የሆነበትን ሰው ተው ለማለት አፍ አላገኘሁም። ወንዙ ዳር አሸዋና ጠጠር የሚያወጡ መኪኖችም ነበሩ፤ የዓሣው አልጋ እየተጫነ ሄደ ማለት ነው።

አንድ ልጅ በሣር ያሠራቸውን አራት ዓሦች አንከርፍፎ መጣ፤ ትልቁን ገዛሁት። ማታ ባሕር ዳር፣ ያረፍኩበት ቤት ምግብ አብሳይ ሆዱን ስትሰነጥቀው ቢጫ እንቁላል ከግራም ከቀኝም ፈሰሰ፤ ሳህን ሞላ። ከንፈሩን አየሁ፣ ዓይኑን አየሁ፣ አፉን ከፍቼ ለካሁ። ከ15ቱ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም።

«እንቁላሉንም ልጥበሰው?» አለችኝ።