ሪስታርት አድርገው

አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቁጭ ብያለሁ። ነፋሱ ጥሩ ነው፤ ሆዴ ግን ባር ባር ይለዋል። ለካ የሰሞኑ ፋይል ነው ያልወጣልኝ።

ያ የፓምፕ ማኑዋል። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው የገጽ ቁጥሩ በሮማ የነበረው መግቢያ በሙሉ 1፣ 2፣ 3 ሆኖ ቁጭ። አንድ ባዶ ገጽ ላጥፋ ብዬ ዲሊት ከመጫኔ በቀር የነካሁት ነገር የለም። ኔትወርክ የሚሠራውን ወንድሜን ብጠይቀው "ሪስታርት አድርገው" አለኝ። የቢሮው የአይቲ ልጅ ደግሞ ዎርድን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ችግሩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነዋ!

የገላገለችኝ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤት ውስጥ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስታስተካክል የምትውል ልጅ ናት። መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀመጠች (እኔ አላስቀመጥኩም፣ ዝም በሉኝ)። ከዚያ ያቺን የተገለበጠ ፒ የምትመስል ምልክት ስትጫን የተደበቀው ሁሉ ወጣ። "ሴክሽን ብሬኩን አጥፍተኸዋል" አለችኝ፤ ፋይሉን በክፍል በክፍል የምትለየውን መስመር ማለቷ ነው። ለካ የአንድ ክፍል የገጽ አቀማመጥ የሚቀመጠው መጨረሻው ላይ ባለችው በዚያች መስመር ነው፤ እሷ ከጠፋች ከላይ ያለው ጽሑፍ የሚቀጥለውን ክፍል መልክ ይይዛል። ብሬኩን መለሰች፣ የላይኛውን ሮማ አደረገች፣ የታችኛውን ከ1 አስጀመረች። አለቀ።

ምን ዓይነት ልማድ ነው ግን? ሲቸግረን "ኮምፒውተር ያውቃል" የተባለውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ በዚያው መሣሪያ የእኛኑ ዓይነት ሥራ የሚሠራውን አንጠይቅም። የደንገል ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ የሞተር ጀልባ መካኒክ የሚጠራ ሰው እዚህ ሐይቅ ላይ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ጠራሁ፣ ያውም ሁለት።

ዎርዱስ ይሁን፣ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ፍሬምሜከር የሚባለውን የትልልቅ ማኑዋል ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ግን ባሕር ዳር ላይ ከየት ይመጣል? እዚያ ያው የሚጠየቀው የፕሮግራሙ ኩባንያ የድጋፍ ክፍል ነው፤ እነሱም ቨርዥኑን፣ ምን ስጫን ምን እንደሆነ፣ ችግሩን የሚያሳይ ትንሽ የሙከራ ፋይል ይፈልጋሉ። "አልሠራ አለኝ" ብቻ ብሎ የሚጽፍላቸውን ምን ያድርጉት? ከዚያ በፊት ደግሞ ኤፍ 1 አለ፣ የፕሮግራሙን መመሪያ የምትከፍተው ቁልፍ። እሷን ተጭኜ አላውቅም።

ልጅቷ ስትጨርስ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የዕቃ መመሪያ እጽፋለሁ።"

"ሰው ያነበዋል?"

ሒሳብ ስንት ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ።