ዞር ብዬ እመጣለሁ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። ሰፈራችን እስካሁን ጭስ ጭስ ይሸታል። ሰኞ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። እማዬ በጠዋት ቀስቅሳኝ "ሥጋ ቤቱ ሳይጨናነቅ ድረሺ" አለችኝ። ሥጋ ቤቱ ያለው አያት ነው። እኛ ያለነው ጣፎ። ጣፎ ሥጋ ቤት ጠፍቶ አይደለም። እማዬ የምታምነው ያንን አንዱን ብቻ ስለሆነ ነው። ሰውየው "እናቴ" እያለ ያቆላምጣታል። በዚህች ቁልምጫ የተነሳ እኔ በየጾሙ መግቢያ ታክሲ እጋፋለሁ።

አያት የባቡሩ መጨረሻ ነው። በ2008 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከተማዋ እዚህ ያለቀች መስሎን ነበር። አሁን ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያም ቤት ነው። ከዚያም ወዲያ ቤት ነው። ለዚህም ይሆናል ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት። አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋዬን በፌስታል አንጠልጥዬ አቋራጭ ልያዝ ብዬ ወደዚያ ገባሁ። ሴራሚክ፣ ቆርቆሮ፣ የብረት በር፣ ውጭ በረድፍ የተደረደረ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ መስኮት ውስጥ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት ቆማለች።

እኔም ቆምኩ።

ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጥብቅ ብሎ ከዚያ በታች ክሎሽ ነው። ኮሌታው ሰፊ፣ ጫፉ ሹል። ደረቱ ላይ በዚያው ጨርቅ የተለበጡ ስድስት ቁልፎች አሉት። ይህን ቀሚስ አውቀዋለሁ። ማለቴ፣ ወንድሙን አውቀዋለሁ። እማዬ አልበም ውስጥ በ1965 የተነሳችው ፎቶ አለ። ፎቶ ቤት ገብታ፣ ከኋላዋ የተሳለ አበባና ደረጃ፣ ፀጉሯ አፍሮ፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ። ያኔ ታይፒስት ነበረች። ከጀርባው "ለማስታወሻ ያህል" ተብሎ ተጽፏል። ለማን እንደሆነ ግን ተፍቋል፤ እማዬም ተጠይቃ መልሳ አታውቅም። የለበሰችው ቀሚስ ክሎሽ ነው፤ ኮሌታው ሹል ነው።

ገባሁ። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ክፉ ስላደረጉኝ አይደለም። ውስጡ ያምራል። ጥግ ላይ ግራሞፎን ተቀምጧል፤ ዘፈኑ የሚመጣው ግን ከስልክ ነው። ሸክላዎቹ ለጌጥ ተሰቅለዋል። ቤልቦተም ሱሪ፣ አጭር ጃኬት፣ ነጠብጣብ ሸሚዝ በእንጨት መስቀያ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ተለቅ ተደርገው የታተሙ የድሮ ፎቶዎች አሉ። ሚኒስከርት የለበሱ ልጃገረዶች፣ ሱሪያቸው መሬት የሚጠርግ ጎረምሶች። መጋቢት 1960 ላይ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ተማሪዎች ይህ የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃውሞ አስነስተው ነበር። ያኔ የባዕድ የተባለው ሚኒ ዛሬ "የድሮዋ አዲስ አበባ" ተብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔም አይቼ "የኛ ጊዜ" አልኩ። የኔ ጊዜ እንኳ አይደለም። እኔ የተወለድኩት በ1980 ነው።

"ግቢ እህቴ፣ ማየት በነፃ ነው" አለኝ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ። ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅኩት። ልጁ አይቶታል፤ እንዳላየ ሆነ። ጨዋ ነው።

ለካሁት። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ጭንቀቴ ሥጋው ወለሉን እንዳያበላሽብኝ ነበር። ቀሚሱን ካጠለቅኩ በኋላ ግን ሥጋውን ረሳሁት። ገበር አለው። ዚፑ ሳይነክስ ወጣ። መስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት አየሁ። እኔ እንደዚህ አልቆምም። ኮምፒውተር ላይ ሳጎነብስ ነው የምውለው። ልብሱ ራሱ ትከሻዬን ወደ ኋላ ጎተተው። በደንብ የተሰፋ ልብስ እንዲህ እንደሚያደርግ ሰምቼ ነበር፤ በራሴ ላይ ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ እጅጌው ውስጥ የተንጠለጠለችውን ወረቀት አየሁ። 1,180 ብር። ደስ አለኝ! ውድ ነው ግን ይቻላል፣ ብዬ ወረቀቷን ለቀም ሳደርግ አንድ ዜሮ አውራ ጣቴ ሥር ነበረች። 11,800።

እጄ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ ከግማሽ በላይ ነው። በዛሬው የሥጋ ቤት ዋጋ አሥር ኪሎ ሥጋ ገደማ። ሥጋ የመጣብኝ አጠገቤ ስለነበረ ነው እንጂ በቤት ኪራይም ብናገር ያው ነው።

እንደ ደንቡ "መጨረሻውን ስንት ትለኛለህ?" አልኩት።

"ቁርጥ ነው እህቴ። ግን ለአንቺ ሦስት መቶ ልቀንስ።"

ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይቶ መሰለኝ ማስረዳት ጀመረ። ጨርቁ ከዱባይ በሻንጣ ነው የሚመጣው። ገበሩም እንደዚያው። ከዚያ "ና ጋሼ፣ አሳያት" ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጠራ። ሰውየው በፔዳል የሚሠራ ሲንገራቸውን ትተው መጡ። የቀሚሱን ግርጌ ገልብጠው ወደ ብርሃኑ አስጠጉልኝ። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ጠርዙ በእጅ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ጠርዝ ብቻ።" ስፌቱ በዓይን አይታይም። እሳቸው ጋር ዋጋ መከራከር አፈርኩ። ጣታቸው ላይ የስፌት ቀለበት ነበር፤ ስንት ዓመቴ ነው ያንን ካየሁ!

"ዞር ብዬ እመጣለሁ" አልኩ።

ይህቺን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ያላላት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሻጩም ገዢውም ትርጉሟን ያውቃሉ። እሱ "እሺ፣ እንጠብቅሻለን" ይላል፤ እኔም ሰዓቴን አያለሁ። ማንም አይዋረድም። የኔዋ ግን ዛሬ በግማሽ ልብ ነበር የወጣችው። የምር ዞር ብዬ ብመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአያት ጣፎ ታክሲው ውስጥ ሌባ ስፈልግ መጣሁ። ዋጋ ሲያናድደኝ እንዲህ ነኝ፤ አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን አለበት። ክሎሽ አራት ሜትር ጨርቅ ይበላል። ጨርቁ በዶላር ነው የተገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን አልፏል፤ ከዚያም አልተመለሰም። የሻንጣው ኪሎ ይከፈላል። ሽማግሌው ቢያንስ ሁለት ቀን ይሠራሉ፤ ቤተሰብ አላቸው። የቤት ኪራይ፣ ግብር፣ ግራሞፎን። ልጁም ይብላ እንጂ። ደምሬ ደምሬ ሌባ አጣሁ። ሌባ ሲጠፋ ንዴቱ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ረዳቱ መልስ ሲያጎድልብኝ እሱ ላይ ጮህኩበት። አምስት ብር ናት።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ብትሰማኝ ትስቅብኛለች። እሷ ሳልባጅ ነው የምትለብሰው። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው፤ በኮንትሮባንድ ይገባል፤ ቦንዳው ሲፈታ እሷ እዚያ ናት። ባለፈው ዓመት የእውነት የድሮ ጃኬት፣ ኮሌታው እንደ ጆሮ የሰፋ፣ በምሳ ዋጋ አወጣች። የእውነተኛው አሮጌ ርካሽ ነው፤ አሮጌ የሚመስለው አዲስ ግን ውድ። እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ላብ የገባበት ልብስ ይከብደኛል። ምርጫዬ ነው፣ እከፍልበታለሁ። ወይም አልከፍልም፣ እንደ ዛሬው።

ቤት ስደርስ እማዬ ሥጋውን ተቀብላ ልታጥብ ሳፋውን ሳበች። ሳፋው ሰማያዊ ነው። አንድ ቦታ ተሰንጥቆ በጋለ ቢላ ተበይዷል። ይህን ሳፋ በደንብ አውቀዋለሁ። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። "ልዋጭ! ልዋጭ!" የሚል ሰውዬ በራችን ላይ መጣ። እማዬ ከሣጥን ውስጥ ያን ቀሚስና የአጎቴን ሁለት ቤልቦተም አወጣች። አጎቴ በ1967 ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሄድ ካኪ ለብሶ ሄደ፤ ሲመለስ ሱሪዎቹን እንደገና አልለበሳቸውም። ሰውየው ልብሶቹን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየና ሁለት ሳፋ ዘረጋ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው። እማዬ "የቱ ይሻልሻል?" አለችኝ። በጣም ነው የተደሰትኩት።

"እማዬ፣ ዛሬ ያንቺን ቀሚስ አየሁት" አልኳት።

"የቱን?"

"የፎቶዋን። ሱቅ ተሰቅሎ።"

"ስንት አሉሽ?"

ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ከነአሻንጉሊቷ ነው?" አለች።

ሳቅን። እኔም ሆዴን ባር ባር ያለውን ልተነፍስ ብዬ "በናንተ ጊዜ ይሄ የታይፒስት ልብስ ነበር፤ ዛሬ የሀብታም ሆነ" አልኩ። በታክሲ ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። እማዬ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን ርካሽ ነበር አለሽ? ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው ያሰፋሁት። ከዚያ ወር እስከ ወር ሽሮ ነው የበላሁት። እናቴ 'አበድሽ ወይ' ብላኛለች። ስንት ዓመት ለበስኩት ግን! ሰርግ በሱ፣ ክርስትና በሱ። ወገቡ እንቢ ሲለኝ ነው የተውኩት።"

ይህን ሰምቼ አላውቅም። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሽሮው ግን ፎቶው ውስጥ የለም።

የኔም የመሥሪያ ቤት ዕቁብ አለ። ዕጣዬ ገና አልወጣም። ለዚያ ገንዘብ ደግሞ ማቀዝቀዣ ነበር ያሰብነው። ይህን ስናገር እማዬ እየሰማችኝ አልነበረም።

"ጠርዙ በእጅ ነው አልሽ?"

"በእጅ።"

"ገበር አለው?"

"አለው።"

እጇን በፎጣ አድርቃ ወደ ሳሎን ሄደች። የመሳቢያው ድምፅ ተሰማኝ። ቢጫ ሜትሯን ይዛ ተመለሰች፤ ቁጥሮቹ ግማሹ ጠፍተዋል። "ነይ ቁሚ" አለችኝ። ቆምኩ። ወገቤን ለካች። ትንሽ ላላ አድርጋ እንደገና ለካች። ቁጥሩን አልነገረችኝም። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ወደ ሥጋው ዞረች።

"ከጾሙ በኋላ ይሻላል" አለች።