5/7 ብሎ ቀጠሮ

እናቴ ስኳር አለባት። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ የምሠራው ሜክሲኮ ስለሆነ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። ስለዚህ ክኒኗንና ቀጠሮዋን በስልክ ልከታተል አልኩ።

ክኒኑ ቀላል ነበር። በእሷ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አላርም ሞላሁላት። መጀመሪያ 2:00 ብዬ ሞልቼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ አስነሳሁ። የስልኩ ሰዓት የፈረንጅ ነዋ! ለጠዋቱ 2 ሰዓት 8:00 ነው የሚሞላው። ሳቅን፤ አለፈ።

ያልተሳቀበት ቀጠሮው ነው። ጥር 2017 ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የሁለት ወር ሜትፎርሚን፣ ማለትም የስኳሩን ክኒን፣ ጻፈችና ካርዱ ላይ «5/7» አለች። የወር ስም የለ፣ ዓመት የለ። እኔ ደግሞ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ጁላይ 5 ብዬ መዘገብኩ። ማታ ለእማዬ «ቀጠሮሽ ሰኔ 28 ነው» አልኳት። መጋቢት 5 ነበር እኮ! የሁለት ወር መድኃኒት ሰጥቶ ከአምስት ወር በኋላ ና የሚል ማን አለ? አላሰብኩትም። ስልክ ላይ ስለገባ ያለቀ መሰለኝ።

መጋቢት ገባ። ሁዳዴ ነው። እማዬ ደከመኝ ስትል «ጾሙ ነው» እንላለን። ውሃ ውሃ ስትልም ጾሙ ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ሽንት ቤት መመላለስ ስትጀምር ግን ደነገጥኩ። እሁድ ክኒኗን የምታስቀምጥበትን የቫዝሊን ዕቃ ከፈትኩት። በቢላ የተሰነጠቁ ግማሽ ክኒኖች። ቆጠርኳቸው፤ አስራ አንድ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እማዬ?»

«ሰኔ ድረስ ያድርሰኝ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ወሰድኳት። ስኳሯ 380፤ በጣም ከፍ ብሏል። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ግን «ቀጠሯችሁ አልፏል፣ እንደ አዲስ ተሰለፉ» ነው ያለን። «የወሩን ስም ብትጽፉ ምን ይላችኋል?» ስለው «ኢትዮጵያዊ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። አበገነኝ። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመን እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

እዚያው ግድግዳ ላይ «ቀጠሮዎን በስልክዎ ይመዝግቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ግን አትመዝግቡ እላለሁ፤ መጀመሪያ ካርዱን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ነርሷ ፊት ቆማችሁ ወሩንና ዕለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ትሰላች። ቴክስትም አትመኑ፤ እማዬ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ከጥቅልና ከዕጣ ማስታወቂያ መሀል ፈልጋ አታገኘውም። አላርምም ጾም አያውቅም። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ለማትቀምስ እናት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢጮህ ምን ይፈይዳል? ይሄን ቀድሜ ሐኪሟን መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን አላርሙን አጥፍቼዋለሁ። በምትበላበት ሰዓት ከቢሮ እደውላለሁ። «ስንት ቀረ?» እላታለሁ። ቆጥራ ትነግረኛለች። ካላመንኳት የቫዝሊኑን ዕቃ ስልኩ አጠገብ ታንቋቋልኛለች።