«አውቶቡስ ተሸለምክ?»

ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ማስተርሴን ስማር ነው። አንድ ማታ ከመሀል ከተማ ስመለስ ለቻይናዊው የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ በዊቻት፣ በቻይናዎች የመልእክት መተግበሪያ፣ በእንግሊዝኛ «አይ ጋት ዘ ላስት ባስ» ብዬ ጻፍኩለት፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ደርሻለሁና በሩን እንዳትቆልፍ ለማለት ነበር። ወዲያው መለሰ፦ «እንኳን ደስ አለህ! ማን ሰጠህ?» ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን የእውነት ግራ መጋባት እንደነበር ኋላ ነገረኝ።

የእንግሊዝኛው «ጌት» («ጋት» ኃላፊው ነው) ማለት በቻይንኛ «ደዳው» ነው፣ ማግኘት፣ ተብሎ ነው የተማረው። «ደ» የሚለው ቃላቸው ለሽልማትም ለበሽታም ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ከእንግሊዝኛው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። አውቶቡስ ላይ መውጣት «ሻንግ ቸ»፣ መውረድ «ሺያ ቸ»፣ ከእንቅልፍ መነሳት «ቺ ቿንግ»፣ ቤት መድረስ «ዳው ጂያ»፣ መናደድ «ሸንግ ቺ»፣ ማግባት «ጂየ ሁን»። እንግሊዝኛ በአንድ «ጌት» የሚያልፈውን ሁሉ ቻይንኛ ለየብቻ ግስ ሰጥቶታል።

ስድስተኛ ደረጃ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፈተና ቀርቦበት ነበር፤ ከ710 ነጥብ 425 ማምጣት ይፈልጋል። እኔም አስተማሪ ልሁን ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ የ«ጌት» ትርጉም ጻፍኩለት፣ በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ ቻይንኛ። በሁለት ቀን ሸመደደው። ማውራት ስንጀምር ግን መሀል ላይ ቆም እያለ «ይሄ ስንተኛው ነው?» ይለኝ ጀመር። ጥፋቱ የኔ ነበር። እኔ ራሴ ቃሉን ከዝርዝር አልተማርኩትም፤ እንዴት እንደተማርኩት ረስቼው ነው እንጂ።

መፍትሔው የመጣው በሙቅ ውሃ በኩል ነው። ክረምቱ አጥንት ይሰብራል፤ ማታ ማታ ቴርሞስ ይዘን ከግቢው የሙቅ ውሃ ቤት እንቀዳለን። ይህን «ዳ ሹይ» ይሉታል። «ዳ» በመዝገበ ቃላቴ መምታት ነው። ውሃ መምታት! ጠየቅኩት። ስልክ መደወልም «ዳ» ነው፣ ታክሲ መያዝም፣ ጃንጥላ መዘርጋትም፣ ሹራብ መሥራትም፣ መርፌ መወጋትም። ደንቡን ንገረኝ ስለው «እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ታክሲ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ቂም ያዘብኝ ስንል አንድም ቀን ግራ ገብቶን እንደማያውቅ ነገርኩት። ያን ማታ ዝርዝሩን ቀደድነው። (ቀዳጁ እሱ ነው፤ እኔ ትንሽ ሳስቼለት ነበር።)

ከዚያ ወዲያ «ምን ማለት ነው?» መባባል ትተን «ከኋላው ምን ተከተለ?» ማለት ጀመርን። ዕቃ ከተከተለ ማግኘት ወይም ማምጣት ይሆናል። ቦታ ከተከተለ መድረስ። ድካም፣ ብርድ፣ ጨለማ ከተከተለ ደግሞ ነገሩ ተለውጧል ማለት ነው። ይሄኛውን ከኔ በተሻለ ያስረዳው እሱ ነው። «መሸ» ለማለት እነሱ «ቲየን ሄይ ለ» ይላሉ፣ ሰማዩ ጠቆረ እንደ ማለት፤ ለውጡን የምትናገረው መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ «ለ» ናት። «ስለዚህ ይሄ ‹ጌት› የኛ ‹ለ› ነው!» ብሎ ቴርሞሱን ሊጥለው ነበር። እኔ በመቶ ዓመት አላገኘውም።

ያልተሳካልን ፀጉር ቤት ላይ ነው። ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ሄዶ ሲመለስ በቻይንኛ «ፀጉሬን ቆረጥኩ» ይላል፤ መቀሱን ማን እንደያዘ ለነሱ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ጋት ማይ ሄር ከት» ይላል፣ ሌላ ሰው ቆረጠልኝ ለማለት። እኔ «ተቆረጥኩ» ወይም «ተስተካከልኩ» ስለምል፣ ብስክሌትም ሲሆን «አስጠገንኩ» ስለምል፣ ሌላ ሰው እንዳለበት ቃሉ ራሱ ይነግረኛል። እሱ ግን እንዲህ ያለ ፊደል ግሱ ላይ የለውም። ብዙ ምሳሌ ሰጠሁት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ብስክሌቱን ድልድይ ሥር ያሉት ሽማግሌ እየጠገኑለት «እኔ ጠገንኩት» ሲል ኖረ።

ፈተናውን አለፈ። ከሳምንት በኋላ የቤተ ሙከራችን የዊቻት ግሩፕ ውስጥ አንዱ ቀልድ ሲለጥፍ የኔው ተማሪ «ጌት ዳው ለ» ብሎ መለሰ፤ ነጥቡ ገባኝ ማለቱ ነው። የግሩፑን የቀድሞ መልእክቶች ወደ ላይ ሄጄ ሳነብ ለወራት ሲለው ኖሯል። የምሳ ሰዓት ላይ ያዝኩትና «ይሄን ሁሉ ጊዜ ‹ጌት› ስትል ኖረህ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እሱ እኮ ቻይንኛ ነው» አለኝ።