ያቺ ጥግ ላይ የቀረችው ፒን

ባለፈው ማክሰኞ ማታ በቦውሊንግ ሊግ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ጥፋቱ የኔ ነው። በዘጠነኛው ፍሬም (ዙር) በመጀመሪያው ኳስ ከአሥሩ ዘጠኝ ፒን ጣልኩ። አንዷ ብቻ ቆማ ቀረች። አሥረኛዋ። ቀኝ ጥግ ላይ፣ የሳተ ኳስ ከሚወድቅበት ቦይ አፋፍ ያለችው። ሁለተኛዋን ኳስ ወረወርኩ። ኳሷ በፒኗ ግራ በኩል ሽው ብላ አለፈች። ፒኗ ንቅንቅም አላለች።

የቡድን ጓደኛዬ ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ "ስታያት ነበር አይደል?" አሉኝ።

"ማንን?"

"ፒኗን ነዋ!"

እውነታቸውን ነው። ሳያት ነበር።

በአሥረኛው ፍሬም የመጀመሪያ ኳሴ ስምንት ጣለ። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ያችን አንዷን ጥያት ቢሆን ስፔር ይሆንልኝ ነበር፤ የቀረውን በሁለተኛዋ ኳስ መልቀም ማለት ነው። ስፔር ደግሞ የሚቀጥለውን ኳስ ውጤት ይጨምራል። አንዷ ፒንና ስምንቱ ሲደመሩ ዘጠኝ ነጥብ። በሁለት የተሸነፈ ሰው ዘጠኝ ነጥብ መሬት ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቦውሊንግ የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ልደት ነበር፤ ጎትተው ወሰዱኝ። እዚያ ሰፈሬ ውስጥ በዓይን ብቻ የማውቃቸውን ጋሼን አገኘኋቸው። የሊግ ቡድናቸው ሰው ጎድሎበት ኖሮ፣ በሳምንቱ ስሜን አስመዘገቡት። ጋሼ ለዓመታት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ያደጉት አስመራ ነው። አሜሪካኖቹ በጦር ሰፈራቸው በቃኘው ጣቢያ በነበሩበት ዘመን፣ ልጅ ሆነው ቦውሊንግ ቤት ፒን ያቆሙ ነበር። እዚያ ፒን የሚያቆም ማሽን የለም፤ የሚያቆመው ሰው ነው። ከፒኖቹ በስተኋላ ቁጢጥ ብለህ ትጠብቃለህ። ኳሷ መጥታ ስታበቃ ትወርዳለህ፣ የወደቀውን ታነሳለህ፣ ኳሷን ትመልሳለህ።

"እኔ ጨዋታውን የተማርኩት ከጀርባው ነው" ይላሉ። "ጉልበተኛው ፒን እግርህ ድረስ ያስፈነጥራል። ግን ሁልጊዜ አንድ ሁለት ያስቀርልሃል። ሥራ የሚያበዛብህ ቀስ ብሎ የሚወረውረው ነው። ምንም አያስቀርም።"

እኔ መጀመሪያ ላይ ጉልበተኛው ነበርኩ። ስትራይክ ስመታ፣ ማለትም አሥሩንም በአንድ ኳስ ስጥል፣ እጄን ወደ ላይ፣ ጩኸት፣ ጭብጨባ። የቀረችውን ፒን የምወረውራት ግን እንደ ግብር ነው፤ ግዴታዬን ለመወጣት ያህል። አንድ ማታ ጋሼ የናፕኪን ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠሩልኝ። አንድ ሰው ሦስት ስትራይክ መታ እንበል፣ ተራርቀው። በቀሩት ሰባት ፍሬሞች ዘጠኝ ዘጠኝ እየጣለ አንዷን ይስታል። ድምሩ 120 ነው። ሌላው ሰው አንድም ስትራይክ የለውም። በየፍሬሙ ዘጠኝ ይጥልና አንዷን ይለቅማታል፤ በመጨረሻም በተጨማሪዋ ኳስ ዘጠኝ ይጥላል። ድምሩ 190። ናፕኪኑ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ስፔርን እንደ ትምህርት የያዝኩት። የመጀመሪያው ትምህርት ዓይንን የሚመለከት ነው፤ ለእኔ ለብይ ልጅ ደግሞ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ብይ ስንጫወት የምናየው የምንመታውን ነው። ዓይንህ የባላጋራህ ብይ ላይ ይተከላል፣ ጣትህ የራሱን ሥራ ይሠራል። ቦውሊንግ ላይ ይሄ አይሠራም። ፒኖቹ ከመወርወሪያው መስመር 60 ጫማ ርቀው ነው ያሉት። ሌኑ (ኳሷ የምትንከባለልበት መንገድ) ላይ ግን ከመስመሩ 15 ጫማ ያህል ወደ ፊት ሰባት ቀስቶች ተስለዋል። የሚታየው ቀስቱ ነው። ኳሷ በቀስቱ ላይ ካለፈች ፒኗ ጋ መድረሷ የእሷ ጉዳይ ነው። ይህን በቃል አውቀዋለሁ። ጭንቅ ሲመጣ ግን ዓይኔ ከቀስቱ ሾልኮ ወደ ፒኗ ይሄዳል፣ ትከሻዬም ተከትሎት ይዞራል። ማክሰኞ ማታ የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ እጅህን ሳይሆን እግርህን አንቀሳቅስ የሚለው ነው። ሌኑ 39 ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል፤ ቀስቶቹም በየአምስት ጣውላው ናቸው። ለስትራይክ ከቀኝ ሁለተኛውን ቀስት ነው የማየው። በግራ በኩል ፒን ስትቀርብኝ ያንኑ ቀስት እያየሁ ወደ ቀኝ እጠጋለሁ። ፒኖቹ ከፊት ወደ ኋላ፣ በየረድፉም ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ፤ በተለመደው ስሌት ለ2ኛዋ ፒን ሦስት ጣውላ፣ ለ4ኛዋ ስድስት፣ ለ7ኛዋ ዘጠኝ። ወደ ቀኝ በሄድኩ ቁጥር ኳሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። ቀስቱን እንደ በር ማጠፊያ አስቡት፤ እዚህ ጋ ትንሽ ስትገፉት እዚያ ማዶ ብዙ ይሄዳል። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። እኔ ለ7ኛዋ አሥር ጣውላ ነው የምጠጋው። የኳሷ ፍጥነትና መታጠፏ ከሰው ሰው ስለሚለያይ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር እየሞከረ ያገኛል።

አሁን ወደ ጠላቴ፣ ወደ 10ኛዋ። የራሴን ኳስ ስገዛ እንደ ሁሉም ጀማሪ የምትታጠፈዋን ገዛሁ። ለስትራይክ ግሩም ናት። ለ10ኛዋ ግን መዓት ናት። ሌኑ ዘይት ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ዘይቱ መሀል ላይ ይበዛል፣ ወደ ጠርዙ ይሳሳል፣ ፒኖቹ ጋ ሳይደርስም ያልቃል። የምትታጠፍ ኳስ ደረቁን ስታገኝ ትነክሳለች። ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ፒን ልትመታ ሄዳ፣ ልትደርስ ስትል ፊቷን ወደ ግራ ታዞራለች። ለስንት ወር የራሴ እጅ ጥፋት መስሎኝ ተሰቃየሁ!

መድኃኒቱ ፕላስቲክ ኳስ ነው። ዘይት ኖረም አልኖረም ብዙም ደንታ የላትም፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መግዛትም አያስፈልግም፤ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ኳሶች አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። ጋሼ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው ነው የሚያነሱት፤ ቡናማ፣ ጫፏ የተቦረቦረ፣ 12 ፓውንድ። እኔ ግን ኩራት ይዞኝ 14 ፓውንድ ገዛሁ። በግራ በኩል 32ኛው ጣውላ አካባቢ እቆማለሁ። ዓይኔ መሀለኛው ቀስት ላይ። ከዚያ ሌኑን በሰያፍ አቋርጬ ወደ ቀኝ ጥግ እልካታለሁ። መዳፌ ከኳሷ ኋላ ነው፣ አንጓዬ አይዞርም። እንደ ስትራይኩ ጣቶቼን ካሽከረከርኩ ፕላስቲክም ብትሆን ትጣመማለች።

አንድ የሌሊት ፈረቃ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይህን አሰላሁ። ኳሷ ስምንት ኢንች ተኩል ስፋት አላት። ፒኗ ሆዷ ላይ አምስት ኢንች ልትሞላ ጥቂት ነው የሚጎድላት። ሁለቱ ሲደመሩ 13 ኢንች ያህል ነው። ማለትም መሀል ላይ ለቆመች ፒን 13 ኢንች ሰፊ በር አለኝ፤ በየትኛውም በኩል ብነካት ትወድቃለች። 10ኛዋ ግን በቀኟ ቦይ አለ። የሌኑ ጠርዝ ከፒኗ መሀል ሦስት ኢንች እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ካለፍኩ ኳሷ ቦይ ገብታለች። በሩ ወደ ዘጠኝ ኢንች ተኩል ይጠባል። ጠባብ ነው፤ ግን አሁንም ከኳሷ ይሰፋል! ይህን ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቴ ቀለል አለኝ።

ሁለት ፒን ሲቀር ነገሩ ይለያል። 2ኛዋና 8ኛዋ ሲቀሩ ከፊት የምትታየው አንድ ብቻ ናት፤ 8ኛዋ ከኋላዋ ተደብቃለች። የፊተኛዋን ግንባሯን ካልመታሁ ኳሷ ወደ ጎን ትላለችና የተደበቀችው ትተርፋለች። 6ኛዋና 10ኛዋ ሲቀሩ ደግሞ የሚያናድደው ሌላ ነው። 6ኛዋን በግራ ጎኗ በጣም ካገኘኋት በ10ኛዋ ፊት ብልጭ ብላ ታልፋለች፤ 10ኛዋ ቆማ ታየዋለች። ጋሼ ይህን ሲያዩ ይስቃሉ፤ አስመራ ከጀርባ ሆነው ሺህ ጊዜ አይተውታል። "ፒን አትምታ፣ መሀላቸው ያለውን ቀዳዳ ምታ" ይላሉ። 3ኛዋና 10ኛዋ ሲቀሩም ያው ነው፤ 3ኛዋን በቀኝ ጎኗ ቀጨም አድርጎ ወደ 10ኛዋ ማለፍ። እኔ ከአምስት አንዱን ብዘጋ፣ ማለትም ሁለቱንም ብጥል ነው።

7ኛዋና 10ኛዋ ብቻ፣ ግራና ቀኝ ጥግ ላይ እንደ ጎል ብረት ሲቀሩስ? እሱን ተዉት። በብሔራዊ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘጋው አሜሪካዊው ቦውሊንግ ተጫዋች ማርክ ሮዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980። በእኛ ሊግ እንኳን ሁለቱን፣ አንዷን መትቶ አንድ ነጥብ የሚወስድ ሰው ብልህ ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ደወሉልኝ። "ተነስ፣ እንለማመድ።" አንድ ጨዋታ አላቸው፤ አሥሩም ፒን ቆመው 10ኛዋን ብቻ መምታት። ሌላ ፒን የነካ ተቀጣ። እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ወረወርን፣ በማኪያቶ ተወራርደን። መጀመሪያ አካባቢ ሦስት ጊዜ ቦይ ገባሁ። ጋሼ ምንም አላሉም። ጣታቸውን ብቻ ወደ ቀስቱ ቀሰሩ። ከዚያ አራት በተከታታይ ለቀምኩ፤ ያች "ጠቅ" የምትል የብቸኛ ፒን ድምፅ ደስ ትላለች።

እኔ 11 አገኘሁ። ጋሼ በቡናማዋ ኳሳቸው 17። ማኪያቶውን ከፈልኩ። ኬክም ጨምረው አዘዙ።