«ጠፍቷል» ለማለት ስንት ዛጎል መቁጠር ያስፈልጋል? ፎራሚኒፌራን እንዴት እንዳጠናሁ

የማጠናው ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ቅሪተ አካላትን ነው። ፎራሚኒፌራ ይባላሉ። ነጠላ ህዋስ ያላቸው፣ አብዛኞቹም የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ዛጎል የሚሠሩ የባህር ፍጥረታት ናቸው። ሲሞቱ ዛጎላቸው ወደ ባህሩ ወለል ይወርዳል፣ ደለል ይለብሳል፣ ደለሉም ውሎ አድሮ ድንጋይ ይሆናል። አንድ የዳይኖሰር አጥንት ለማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ ፎራሚኒፌራ ግን ከአንድ እፍኝ ድንጋይ በሺህ የሚቆጠሩ ይወጣሉ። የጅምላ ጥፋት ጥናቴን በእነሱ ላይ የመሠረትኩት ለዚህ ነው፤ ዝርያዎች የጠፉበትን ጊዜ ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር መከታተል የሚቻለው ቅሪታቸው ሲትረፈረፍ ብቻ ነው።

ያተኮርኩት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በክሪቴሺየስ (በዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን) ማብቂያ በደረሰው ጥፋት ላይ ነው። በሜክሲኮ ዩካታን ላይ ወድቆ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን የቺክሹሉብ ጉድጓድ የፈጠረውን አስትሮይድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለግኝቱ መነሻ የሆኑት ፎራሚኒፌራ መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም። የጂኦሎጂ ተመራማሪው ዋልተር አልቫሬዝ ጣሊያን ውስጥ ጉቢዮ አጠገብ ያሉትን የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች ሲያጠና፣ ከአንዲት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ካላት የሸክላ ንብርብር በታች ትልልቅና ዓይነተ ብዙ ፎራሚኒፌራ ሞልተው፣ ከእሷ በላይ ግን ጥቃቅኖች ብቻ መቅረታቸው አስገረመው። ሸክላዋ ስንት ዓመት እንደፈጀች ለማወቅ ከአባቱ ከሉዊስ አልቫሬዝ፣ ከፍራንክ አሳሮና ከሄለን ሚሼል ጋር ኢሪዲየም ለኩ (በምድር ገጽ ብርቅ የሆነ፣ ከጠፈር አቧራ ጋር ቀስ እያለ የሚወርድ ብረት ነው)፤ ከጠበቁት እጅግ የበዛ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የአስትሮይድ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ነው።

እኔ የሠራሁት ቱኒዚያ ውስጥ ካለው ከኤል ኬፍ በመጣ ድንጋይ ላይ ነው። ቦታው ክሪቴሺየስ ያበቃበት የዘመን ድንበር ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። በዚያ ደለሉ በፍጥነት ስለተከማቸ በጉቢዮ በጣት ውፍረት የታጨቀው ጊዜ በብዙ አስር ሴንቲሜትሮች ተዘርግቶ ይነበባል። ከጥቁሩ ሸክላ ግርጌ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነች ዝገት የመሰለች ቀይ መስመር አለች፤ ኢሪዲየሙ ያለው እዚያ ነው። ናሙና ሲወሰድ መጀመሪያ ፀሐይና ዝናብ ያበላሸው ገጽ ተቆፍሮ ይነሣል። ከዚያ የሚወሰደው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ የሚረግፈው አፈር ናሙናው አስቀድሞ በተወሰደበት ቦታ ላይ ብቻ እንዲያርፍ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ድንጋዩ ይደርቃል፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በተጨመረበት ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም ውሃው እስኪጠራ ድረስ በ63 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ወንፊት ላይ ይታጠባል። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ስሸጋገር ወንፊቱን በሜቲሊን ብሉ እነክረዋለሁ። በቀዳዳው ተወትፎ የቀረ ዛጎል ካለ ሰማያዊ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ናሙና ውስጥ ብቅ ቢል እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። አሰልቺ ሥራ ይመስላል፣ ግን ከድንበሩ በላይ የተገኘች አንዲት የክሪቴሺየስ ዛጎል የአንድን ዝርያ ታሪክ ልትለውጥ በምትችልበት ጥናት ይህን መዝለል አይቻልም።

ከዚያ ማይክሮስኮፑ ይመጣል። ጥቁር ትሪ ላይ የተበተነውን ደቃቅ ጥቂት ጠጉር ባላት እርጥብ ብሩሽ ጫፍ እያነሣሁ ካሬ በተሰመረበት ስላይድ ላይ በየዝርያው አሰልፋለሁ። ከድንበሩ በታች ያለው ናሙና ዐይን ያጠግባል። ግሎቦትሩንካና በጠርዟ ዙሪያ ሁለት ረድፍ ጥቃቅን ጉብታዎች ያሏት ክብ ጠፍጣፋ ናት፤ ክፍሎቿ እየሰፉ ሲጠመዘዙ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከቀይዋ መስመር በላይ ያለውን ናሙና ስከፍት የእነዚያ ድምጥማጣቸው ጠፍቷል። የሚበዛው ጉምቤሊትሪያ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ ድቡልቡል ክፍሎች ያሉት፣ ጌጥ የሌለው ትንሽ ፍጡር። ከውሃው ወለል አካባቢ ተንሳፍፈው ይኖሩ ከነበሩት ዝርያዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን «የለም» የሚለው ቃል ክብደት ነው። ከአንድ ናሙና 300 ዛጎል መቁጠር የተለመደ ነው። ከመቶ አንድ የሆነ ዝርያ በ300 ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመገኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነው። ከሺህ አንድ የሆነው ግን 26 በመቶ ብቻ! ስለዚህ ብርቅ የሆነ ዝርያ ከድንበሩ ብዙ ቀደም ብሎ የጠፋ ይመስላል፤ ያልታየው ስላልነበረ ላይሆን ይችላል። ፊሊፕ ሲኞርና ጄር ሊፕስ ይህን በ1982 አስረድተውታል፤ ድንገት የመጣ ጥፋት ቀስ በቀስ የመጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። በኤል ኬፍ ላይ የተነሣው ክርክርም ዋናው እዚህ ላይ ነበር። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ያን ስሚት ጥፋቱ ድንገተኛ ነው ሲል የሙያ አጋሩ ጌርታ ኬለር ደረጃ በደረጃ የደረሰ ነው አለች። ለመዳኘት ስያሜው የተሰወረ ናሙና ለአራት ባለሙያዎች ተሰጠ፤ ውጤቱም ራሱ ሌላ ክርክር አስነሣ። እኔ ከስሚት ወገን ነኝ፣ ምክንያቴም ቆጠራው ነው፦ ብርቆቹን ዝርያዎች ብቻ እየፈለግሁ ሙሉውን ናሙና ባበጠርኩ ቁጥር የመጨረሻ መታያቸው ወደ ቀይዋ መስመር ይጠጋል።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ከድንበሩ በላይ የሚገኝ የክሪቴሺየስ ዛጎል ከጥፋቱ የተረፈ ነው ወይስ ከታችኛው ደለል ታጥቦ የመጣ ሙት? ቀለሙና መሰባበሩ ፍንጭ ይሰጣሉ፣ ውሃ የሚያነሳው ማስረጃ ግን የካርቦን አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የካርቦን ዓይነቶች) ምጣኔ ነው። ከጥፋቱ በኋላ የላይኛው የባህር ውሃ የካርቦን አይሶቶፕ ምጣኔ ተለውጧል። በዚያ ውሃ ውስጥ የኖረ ፍጡር ለውጡን በዛጎሉ ይይዛል፤ ታጥቦ የመጣው ግን የድሮውን እንደያዘ ነው።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ የባህሩ ወለል ነዋሪዎች ጉዳይ ነው። ተንሳፋፊዎቹ ሲያልቁ በጥልቁ ባህር ወለል የሚኖሩት ፎራሚኒፌራ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ምድር በፍጥነት በሞቀችበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፦ ከጥልቁ ነዋሪዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ዝርያዎች ሲጠፉ ተንሳፋፊዎቹ ያን ያህል አልተመቱም። አንደኛው አደጋ ከላይ መጣ፣ የፀሐይ ብርሃን ጋረደ፣ ምግቡን አቋረጠ። ሁለተኛው የጥልቁን ውሃ አሞቀ፣ አሲዳማ አደረገ፣ ኦክስጅኑን ቀነሰ። ማን እንደሞተ ካወቅን ምን እንደገደለው መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ ነው ሁለቱንም ቡድኖች ከአንድ ናሙና ጎን ለጎን የምቆጥረው።

አሁን የያዝኩት ከጥፋቱ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ዘመናት ነው። በ2016 የቺክሹሉብ ጉድጓድ ራሱ ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንዳሳየው፣ ሕይወት ወደዚያ የተመለሰው ከግጭቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜዎቹ አዳዲስ ዝርያዎች ግን እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ100 ማይክሮን አይበልጡም። በ150 ማይክሮን ወንፊት የሚሠራ ሰው ባዶ ውቅያኖስ ነው የሚያየው። ስለዚህ በ63ቱ ወንፊት ስር ሌላ ባለ 38 ማይክሮን ወንፊት አኖራለሁ፣ የቀረውንም ለብቻው አደርቃለሁ። ይህን ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ውሃውን ከመክፈታችሁ በፊት አድርጉት፤ አንዴ በቧንቧው የሄደ ደቃቅ አይመለስም፣ ድንጋዩም ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል።